የእናቴ አረቄ እና ሁለት የአሜሪካ ጠርሙሶች



ዛሬ ስለ መጠጥ ነው የምጽፈው። "ቲቸር ደግሞ በጡረታው ምን ነካው?" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ረጋ በሉ፣ ዞሮ ዞሮ ታሪክ ነው። ረዘም ይላል፤ ጊዜ ያጣ ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብበው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአሜሪካ መጣ። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን በዓል እንጅባራ ላይ አይቶ ሲመለስ ዳንግላ እኔ ቤት ገባ። ከሻንጣው ሁለት ጠርሙስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

"ጋሼ፣ ይኼ በርበን ነው፤ ይኼኛው ደግሞ ራይ ነው። ሁለቱም የአሜሪካ ውስኪ ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። እየቀመስን እናወዳድራለን።"

እኔም ተነስቼ ከቁም ሳጥኑ ሦስተኛ ጠርሙስ አመጣሁ። ዳግም አረቄ። ከጎረቤቴ ከእትዬ የተገዛ። እትዬ እድሜያቸው ሰባውን ያለፈ፣ ከሟች እናቴ ጋር በአንድ ጓሮ አረቄ ሲያወጡ የኖሩ ሴት ናቸው። "እንግዲያው ዳኛዋም ይጠሩ" ብዬ ልጅ ላክሁባቸው። መጡ። ሦስት መለኪያ ተደረደረ።

መጀመሪያ ግን ስለሚጠጣው ነገር ትንሽ ልንገራችሁ። የአሜሪካውን ዓመተ ምሕረት በሙሉ የምጠራው በእነሱ አቆጣጠር ነው።

በርበንና ራይ ምንና ምን ናቸው?

በአሜሪካ ሕግ በርበን ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። ራይ ለመባል ደግሞ ቢያንስ 51 በመቶው ራይ የሚባለው እህል ይሆናል። ራይ የስንዴ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ብርድና ስስ መሬት ይችላል። የባንጃና የእንጅባራ ሰው እንግዶን አስቦ ይረዳዋል፤ ሌላው እህል እንቢ ባለበት ብርድ ላይ የሚበቅል ዓይነት።

ሁለቱም ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ይቀመጣሉ። ወደ በርሜሉ ሲገቡ የአልኮል መጠናቸው ከ62.5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በጠርሙስ ሲታሸጉ ደግሞ ከ40 በመቶ መውረድ የለበትም። "ስትሬት" የሚል ቃል ከተጻፈበት ቢያንስ ሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው። ያ ቡናማ ቀለም ከእህሉ አይደለም የሚመጣው፣ ከተለበለበው እንጨት ነው። ከማውጫው ሲወርድማ ውስኪም እንደ አረቄያችን ውሃ መስሎ ነው የሚወርደው።

በቆሎ ራሱ የአሜሪካ እህል ነው። ወደኛ የመጣው ከባሕር ማዶ ስለሆነ በአንዳንድ አካባቢያችን አሮጌው ሰው እስከ ዛሬ "የባሕር ማሽላ" ይለዋል። እኛ ደግሞ ዳጉሳ አለን፤ ዘሩ ከመጀመሪያው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ልጅ ነው። ጌሾም የራሳችን ነው። ስለዚህ ያን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የሁለት ዓለም እህል ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር።

አረቄ እንዴት ይወጣል?

ለከተማ ልጆች ነው ይኼ። ገብስ ወይም ዳጉሳ ይነከርና እስኪያጎነቁል ይጠበቃል፤ ደርቆ ሲፈጭ ብቅል ይሆናል። የተወቀጠ ጌሾ ከውሃና ከብቅል ጋር ይጠነሰሳል። የዳጉሳው ወይም የበቆሎው ዱቄት ይቦካል፣ በምጣድ ይታመሳል፣ ወደ ጥንስሱ ይገባል። ድፍድፉ ለቀናት ይብላላል። ከዚያ ወደ ማሰሮ ተገልብጦ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ ይከደናል፤ መጋጠሚያው እንፋሎት እንዳያመልጥ በጭቃ ይመረጋል። እንፋሎቱ በሸምበቆ አድርጎ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይሄዳል፤ እዚያ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። ውሃው ሲሞቅ ይቀየራል። ሌሊቱን ሙሉ ይቀየራል።

አንዴ የወጣው ተራ አረቄ ነው። ያንኑ እንደገና ሲያወጡት ዳግም ይሆናል። በቤተ ሙከራ ተለክቶ ተራው ወደ 34፣ ዳግሙ ወደ 46 በመቶ አልኮል ተገኝቶበታል፤ ግን ከቤት ቤት ይለያያል። ማር ሲገባበት የማር አረቄ፣ ኮሶ ሲገባበት የኮሶ አረቄ ይባላል። በሌላው አገር ካቲካላም ይሉታል፤ የአርሲ ነገሌ ሰዎች በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ ነው።

"አረቄ" የሚለው ቃል ሥሩ ዐረብኛ ነው፤ ላብ ማለት ነው። ከእንፋሎቱ ጠብ ጠብ የሚለውን አይተው ነው ስም ያወጡለት። እኔ ግን ቃሉን ስሰማ የሚታየኝ ሌላ ላብ ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ እሳት ስታነድ፣ ዓይኗ በጢስ ቀልቶ።

ወደ ቅምሻው

በርበኑን ቀመስን። መጀመሪያ ጣፋጭ ነው። የተቃጠለ ስኳር፣ ቫኒላ፣ ትንሽ የእንጨት ሽታ። ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ይሞቃል እንጂ አይናደፍም። ተማሪዬ ጣፋጩ ከበቆሎውም ከእንጨቱም ነው አለ፤ በርሜሉ በእሳት ሲለበለብ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ስኳር ይቃጠላል፣ መጠጡ ደግሞ ያንን ይመጥጣል።

ራዩን ቀመስን። ይኼ ደረቅ ነው። ምላስ ጫፍ ላይ ቁንዶ በርበሬ ያለ ይመስላል። ቶሎ አይለቅም፣ ምላስ ላይ ይቆያል። እኔ ከሁለቱ ራዩን ወደድሁት።

ከዚያ ዳግሙ ቀረበ። በመጀመሪያ ጢሱ ይመጣል፣ ቀጥሎ እህሉ፣ ከዚያ እሳት። እንጨት የለበትም፣ ቫኒላ የለበትም፣ የሚሸፍነው ነገር የለም። ተማሪዬ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና "ልጅነቴ መጣብኝ" አለ።

እትዬ ግን እንደኛ አልቀመሱም። ከበርበኑ ጠብታ መዳፋቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን አሹና አሸተቱት።

"ይኼ እህሉን አይናገርም፤ እንጨቱን ነው የሚናገረው" አሉ።

ራዩንም እንዲሁ። "ይኼኛው ይናከሳል። ይሻላል፤ እህል አለበት።" ቀጠሉና "ጌሾ የለውም?" አሉ።

"የለውም እማማ" አለ ተማሪዬ።

"ስንት ቀን አስቀመጡት?"

"በርበኑ ስድስት ዓመት ነው እማማ።"

እትዬ መለኪያውን አስቀመጡ። "ስድስት ዓመት? ስድስት ዓመት ሙሉ ይኼ ተቀምጦ ልጆቹን ማን አበላቸው?"

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ የምራቸውን ነው የጠየቁት። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

ውስኪውስ መቼ ነው መቀመጥ የጀመረው?

ታሪኩን ፈለግሁ። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ሥልጣን በለቀቀበት በ1797 ማውንት ቬርነን በሚባለው ርስቱ ላይ ውስኪ ማውጣት ጀመረ። ያማከረው ጀምስ አንደርሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ የእርሻ ሥራ አስኪያጁ ነው። እህሉ 60 በመቶ ራይ፣ 35 በመቶ በቆሎ፣ 5 በመቶ የገብስ ብቅል ነበር። በ1799 ወደ 11,000 ጋሎን አወጡ፤ ከ41,000 ሊትር በላይ መሆኑ ነው።

ያ ውስኪ ታዲያ በርሜል ውስጥ ዓመታት አልተኛም። እንደወጣ ነጩ ይሸጥ ነበር። የአሜሪካ አባት የሸጠው መጠጥ በመልኩ የእትዬ አረቄ ነው!

ማን አወጣው? በዚያ ቤት እሳት ያነደዱት፣ ድፍድፍ ያማሰሉት ስድስት በባርነት የተያዙ ጥቁር ሰዎች ናቸው። ሃንሰን፣ ፒተር፣ ናት፣ ዳንኤል፣ ጀምስ፣ ቲሞቲ። ስማቸው የተረፈው ንብረት ሆነው መዝገብ ላይ ስለተጻፉ ነው።

ገበሬውም ያወጣ ነበር፣ በችግር ነው እንጂ በምቾት አልነበረም። ከአፓላሽያ ተራሮች ማዶ ያለ ገበሬ እህሉን በፈረስ ጭኖ ተራራ ቢያቋርጥ ትርፉ መንገድ ላይ ያልቃል። ወደ ውስኪ ከቀየረው ግን ሸክሙ ያንሳል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ አይነቅዝም። የኛም ሴት ሒሳቧ ይኸው ነው፤ ቁና ዳጉሳ በእህልነቱ ሲሸጥና አረቄ ሆኖ ሲሸጥ አንድ አይደለም።

በ1791 መንግሥት በውስኪ ላይ ግብር ጣለ። ገበሬው "እንቢ" አለ። በ1794 የምዕራብ ፔንሲልቬንያ ሰው ሲያምጽ ዋሽንግተን ወደ 13,000 የሚጠጋ ጦር ይዞ ዘመተበት። ግብሩ የተነሳው በ1802 ነው።

በርሜሉ፣ ዓመታቱ፣ ቡናማው ቀለም ሥር የሰደዱት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ማስቀመጥ ደግሞ ካፒታል ይፈልጋል። መጋዘን ያለው፣ እህሉን ዛሬ ገዝቶ ገንዘቡን ከአራት ዓመት በኋላ ለማግኘት የሚችል ሰው ይፈልጋል። ከየበርሜሉ በየዓመቱ የሚተን አለ፤ "የመላእክት ድርሻ" ይሉታል። ለመላእክት ድርሻ መስጠት የሚችለው ለልጆቹ የሚተርፈው ነው። ለእትዬ ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይኼ ነው፤ ያስቀመጡት ባለመጋዘኖቹ ናቸው፣ የእነሱ ልጆች የሚበሉት ሌላ ነበራቸው።

ስም እንዴት ይወጣል?

ውስኪ እንዲህ የተከበረው በጣዕሙ ብቻ አይደለም፣ በሕግም ጭምር ነው። በዚያው መቶ ዘመን ርካሽ አልኮል ቀለም እየቀቡ "አሮጌ ውስኪ ነው" ብለው የሚሸጡ ሞልተው ነበር። በ1897 ሕግ ወጣ። በመንግሥት ዋስትና የሚታሸግ ውስኪ የአንድ አውጪ፣ የአንድ ወቅት ምርት ይሁን፣ ቢያንስ አራት ዓመት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን ይቀመጥ፣ ልኩም 50 በመቶ ይሁን ተባለ። ከ1920 እስከ 1933 አገሪቱ መጠጥን ጨርሶ ከለከለች። በዚያ ጊዜ ራይ ክፉኛ ተጎዳ፤ ቀና ያለው በኛ ዘመን ነው። በ1964፣ በኛ በ1956 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በርበን የአሜሪካ መለያ ምርት መሆኑን በውሳኔ አጸና። ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር የወጣ መጠጥ አሜሪካ ውስጥ በርበን ተብሎ አይሸጥም።

ስም ያልወጣላቸውም አሉ። በቴኔሲ ጃክ ዳንኤል የሚባለውን ልጅ ውስኪ ማውጣት ያስተማረው ናታን ግሪን የሚባል በባርነት የነበረ ጥቁር ሰው ነው፤ "ኒረስት" እያሉ ነበር የሚጠሩት። የተማሪው ስም ዓለምን ዞረ። የአስተማሪው ስም በኩባንያው አፍ በይፋ ጎላ ብሎ የተነገረው በ2016 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ማለት ነው። እኔ አስተማሪ ስለሆንሁ ሳይሆን አይቀርም፣ ይኼ ታሪክ ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።

በቴኔሲ ውስኪው በርሜል ከመግባቱ በፊት በከሰል ውስጥ ተንጠባጥቦ ያልፋል፤ ሻካራነቱን ያለዝብለታል። ተማሪዬ ይህን ሲነግረኝ ትዝ ያለኝ ፋግታ ለኮማ ነው። ከአውስትራሊያ በመጣ ዲከረንስ በሚባል ዛፍ መሬቱን ሸፍኖ፣ ከሰል አክስሎ አዲስ አበባ ድረስ የሚልክ ገበሬ ያለን እኛ ነን። እህሉ አለ፣ ከሰሉ አለ፣ ብርዱ አለ፣ እጁም አለ። የሌለው ጊዜው ነው። መቀመጫው።

በኛ በኩል የተጻፈውና ያልተጻፈው

ስለኛ አገር ብዙ ተጽፏል። ጀምስ ብሩስ፣ የውስኪ አገር የስኮትላንድ ልጅ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። በኮኮናት ቅርፊት ከዓባይ ምንጭ ውሃ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጣ። አገሩን የአገው አገር ብሎ፣ ማሩን፣ ቅቤውን፣ ወደ ጎንደር የሚነዳውን ከብት ጽፏል። ቺዝማን የሚባለው እንግሊዛዊ ደግሞ ከ1925 እስከ 1934 እዚሁ ዳንግላ ቆንስል ሆኖ ኖረ፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ ጻፈ። ወንዙ ተለካ፣ ተራራው ተለካ።

እናቴ ግን አልተጻፈችም። እኔም ራሴ አልጻፍኋትም። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ሳስተምር የዋሽንግተንን ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንቴ ጻፍሁት? የእናቴን ሥራ ግን አንድ ቀን በክፍል ውስጥ አላነሳሁም። ምክንያቱን እንናዘዝ ከተባለ ኀፍረት ነው። ልጅ ሳለሁ "የአረቄ ሻጯ ልጅ" ይሉኝ ነበር። ደብተሬ ጢስ ጢስ ይሸት ነበር። መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ፎርሙ ላይ "የእናት ሥራ" የሚል ነበረበት። "የቤት እመቤት" ብዬ ሞላሁ። የገባሁበት ገንዘብ ግን ከማሰሮው የተንጠባጠበ ነው።

ሌላውንም ልናገር

ታሪክ አስተማሪ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መዋጥ የለበትም። አረቄን ላሞግስ አልተነሳሁም።

አምስተኛ ክፍል ሳለን ከጎኔ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። በሒሳብ ይበልጠኛል። አባቱ ማታ ማታ እኛ ቤት ነው የሚያመሸው። ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ በመለኪያ፣ አንድ ሁለት እያለ። ሲመሽ ልጁ ሊወስደው ይመጣል። በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እኔ በኩራዝ እያጠናሁ አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል። ስድስተኛ ክፍል ልጁ አልተመዘገበም። እረኛ ሆኖ ተቀጠረ ተባለ።

እናቴ ይህን ታውቅ ነበር። አንዳንድ ቀን ሰውየውን "በቃህ፣ ሂድ ወደ ልጆችህ" ብላ ትመልሰው ነበር። አንዳንድ ቀን ግን የኔ የደብተር መግዣ ይጎድላል። ያን ቀን ትቀዳለታለች።

እኔ የተማርሁት እሱ ያልተማረበትን ገንዘብ ነው። ይህን በአደባባይ ስጽፍ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴን አልወቅስም፤ ባሏ የሞተባት፣ መሬት የሌላት፣ አራት ልጅ ያላት ሴት ሌላ ምን በር ነበራት? ነገር ግን የማሰሮው ሌላ አፍ ማንን ሲበላ እንደኖረ እያወቅሁ "ጀግና እናቴ" ብቻ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። አሜሪካም ያን 13 ዓመት ሙሉ መጠጥ የከለከለችው እንዲሁ በእብደት አይደለም፤ በር ላይ ቆመው አባታቸውን የሚጠብቁ ልጆች እዚያም ነበሩ።

መዝጊያ

ያን ማታ ተማሪዬ ሲሄድ ሁለቱን ጠርሙሶች ትቶልኝ ሄደ። ለእትዬ የራዩን ግማሽ ላስይዛቸው ስል "አይ፣ ለኔስ የእጄ ይበቃኛል" አሉ። ከዚያ በር ላይ ቆም ብለው "እናትህ ግን ከኔ ይበልጥ ታወጣ ነበር። ዳጉሳውን ታሳርረው ነበር ትንሽ፣ ሆን ብላ። ለዚያ ነው የሷ የሚለሰልሰው" አሉኝ።

ቆሜ ቀረሁ። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የእናቴን ሙያ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። በማግሥቱ ደብተር ይዤ እትዬ ቤት ሄድሁ። ምን ያህል ዳጉሳ፣ ምን ያህል ጌሾ፣ የምን እንጨት፣ ውሃው ስንቴ ይቀየራል እያልሁ ጠየቅኋቸው። "ምን ያደርግልሃል?" ይሉኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። እስካሁን አሥራ ሁለት ገጽ ሆኗል።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አዎ፣ ጡረታም ወጥቼ የቤት ሥራ እሰጣለሁ! እናታችሁ ወይም አያታችሁ አረቄ አውጥተው፣ ጠላ ጠምቀው ያሳደጓችሁ ካላችሁ፣ በሕይወት ካሉ ዛሬ ደውሉላቸው። እንዴት እንደሚሠሩት ጠይቋቸውና ጻፉት። ስማቸውንም ከላይ ጻፉ። ሙያቸውን ለመጠጣት ስትሉ አይደለም፤ የኔስ በጎረቤት አፍ ተገኘ፣ የእናንተ ጎረቤት ላይኖር ይችላል።

እና ያ ከጎኔ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ ወይም ልጆቹ የሚያነቡ ከሆነ፦ በሒሳብ ትበልጠኝ ነበር። አልረሳሁህም።

ቸር ሰንብቱ።